የጎደለችው ዓይን

ቅርያት ጋት፣ የሕንፃችን መግቢያ፣ ከፖስታ ሣጥኑ በላይ፣
አንዲት ወረቀት ነበረች፣ ሁልጊዜ የምትታይ።
ጋሽ እንየው ናቸው ጸሐፊዋ፣ የሁለተኛ ፎቅ ነዋሪ፣
ማንም ሳይሾማቸው የሁላችን ነጋሪ።
«ማክሰኞ ውኃ አይኖርም፤ ባልዲያችሁን ሙሉ።»
«አምስተኛ ፎቅ ሐዘን አለ፤ ወንበር ያላችሁ አቀብሉ።»
«ይህ ቁልፍ የማን ነው? ደረጃ ላይ ወድቆ።»
ዕብራይስጡ በስተርጅና ከልጅ ልጅ ደብተር ተለቅሞ፣
እንደ ችግኝ አንድ በአንድ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ቆሞ፤
ከሥሩ ግን በአማርኛ፣ ጠበቅ ባለ ብዕር፦ «እንየው»።

ሐምሌ ነበር። አሳንሰሩ ቆመ። እሳቸውም ለጠፉ።
ማዓሊት ሊሉ ነበር፣ አሳንሰር፤ ከመሃል አንዲት ፊደል ገደፉ።
ዓይን ነው ስሟ፣ እንደኛው ዓይን። እሷ የሌለች እንደሁ
ቃሉ ከሕንፃ ይወጣና ኬክ ቤት ይገባል፤ እንዲህ፦
«የኬኩ ሙሌት ተበላሽቷል። በደረጃ ተጠቀሙ።»

ሳቅኩ። ያስቃላ። ብቻዬን ስቄ ብወጣ ምን ነበረበት?
ፌስታሌን መሬት ጥዬ፣ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁት፣
ከነፕላስተሩ፣ ከነስማቸው። «የሰፈራችን ኬክ ቤት»
ብዬ ጻፍኩና ለቀቅኩት። ደረጃውን ተያያዝኩት።

ሁለተኛ ፎቅ፦ ዘጠኝ ሰው ስቋል። የሳቸው በር ገርበብ ብሏል፣
ሬድዮ ይሰማል። በእግሬ ጣት አለፍኩ።
አራተኛ፦ ስልሳ።
ሰባተኛ፣ በሬ ላይ ቁልፍ ስፈልግ፣ ሁለት መቶ አለፈ።
ደስ አለኝ። አልዋሽም። ልቤ እንደ ፊኛ ተንሳፈፈ።

ማታ ላይ ሳቁ ከእኛ እጅ ወጣ። የማላውቃቸው መጡ።
አንዱ፦ «ስንት ዓመት ቀለብናቸው?» ሌላው፦ «ወደመጡበት ይውጡ!»
እኔ የወረወርኩት ጠጠር ነበር፣ በእኛው መካከል፣ ለጨዋታ፤
ጠጠሬን አንስተው ቋጥኝ አደረጉት፣ ባንድ ማታ።
ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። አፋፍ ደግ ነው፣ ዳርቻ አለው፤
ከጣት የወጣውን ግን ወዴት ሄደህ ትመልሰው?
ፎቶውን አጠፋሁት።
ማጥፋቱንስ ቀድሜ አጥፍቼ ነበር።

በነጋታው ግድግዳው ባዶ። አራት የፕላስተር ጠባሳ።
ሳምንትም ባዶ፣ ሁለትም። ማንም ምክንያቱን አላነሳ።

አንድ ማክሰኞ፣ ዓይኖቼን ሳሙና እንደሞላቸው፣ ውኃው ሄደ።
ዓይን የጎደለው ማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ ልበል?
አልገባኝም። ተራገምኩ፣ በፎጣ ጠረግኩ።

ሐሙስ ግን እንግዳ ጠርቼ፣ ዘፈኑን እስከ ጣራ ለቅቄ
ስጨፍር አመሸሁ። ጠዋት ነው የሰማሁት፣ ደረጃ ላይ፣ ተሳቅቄ፦
እማማ ትርፌ አርፈዋል። አምስተኛ ፎቅ።
ልጆቻቸው መሬት ከተቀመጡ ሦስት ቀን ሆኗቸው ነበር፣
ከእግሬ ሥር።
እኔ ወንበር እንኳ አላቀበልኩም።

የጋሽ እንየውን በር አንኳኳሁ። «ግቢ» አሉኝ።
«መጀመሪያ እኔም ስቄያለሁ፣ የልጅ ልጄ ሲያሳየኝ።
ኬክ! እስቲ አሁን ኬክ ከየት መጣ?
ከሥር የጻፉትን ‹አንብብልኝ› ያልኩት ጊዜ ነው እንጂ፣
ልጁ ዝም አለ።
ያ ልጅ ዝም ብሎ አያውቅም።»
ማን እንደለጠፈው አልጠየቁኝም።
እኔም አልነገርኳቸውም።

ሌሊት ጻፍኩት፣ አራት ዓመቴ ላይ ትቼው በመጣሁት አማርኛ፣
ስሜን ከሥር አድርጌ። ሁሉም ሲተኛ
ወርጄ ጠባሳዎቹ ላይ ለጠፍኩት። እስኪነጋ
የሰው ሳቅ ጠበቅኩ፣ ጆሮዬን አቁሜ፣ በአልጋ።

ጠዋት አንዲት ፊደል በእርሳስ ታርማለች፣ ቀስ ተብላ፤
«ይክርታ» ብዬ ኖሯል፤ «ክ»ዋ ተሰርዛ፣ «ቅ» ተተክላ።

ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። ግድግዳው ዝም እንዳለ ነው።
ሰኞ ሰኞ ማታ ባልዲዬን እሞላለሁ፤
በግምት ነው።